ለቅዳሜ የተቀጠረ አደጋ

በእኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ ቀኝ እጁን ከፍቶ ወደ ላይ ያነሳል። ማንሳቱ ለሰላምታ ነው፤ መክፈቱ ለማዕረግ። አንድ ጣት የጎደለው ቆራጭ ይባላል። ሁለት የጎደለው ካቦ ሆኖ ሠራተኛ ያዛል። ከዚያ በላይ የጎደለው ደግሞ የትም ቢገባ ሰው ብድግ ይልለታል። ሙሉ እጅ ያለን ሰዎች እጃችንን እስከ ደረታችን ብቻ አንስተን ቶሎ እንመልሳለን። አስተማሪ የነበረ አጎቴ ዕድሜውን ሁሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ኖሮ፣ ሲሞትም ከኪሱ ሳያወጡ እንዲገንዙት ተናዘዘ። እንደ ቃሉ ተደረገለት።

የጋብቻ ቀለበት የምናስረው በአንገት ነው። ጣት ላይ የተቀመጠ ነገር አይታመንም።

ይህን የምጽፈው አገሬን ለማማት አይደለም። እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ፣ እዚያው ነው ወግ ማዕረግ ያየሁት። የምጽፈው በልጄ በስንቅነሽ እጅ ላይ ሊሆን የነበረውን ነገር ነው። ሰው እየተቀባበለ ሲያወራው ሌላ ታሪክ እየሆነ ስለሄደ፣ ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከተማችን መገንባት አይሰለቻትም። አንዱ ፎቅ ጣሪያ ሳይለብስ የሌላው መሠረት ይቆፈራል። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የመጋዝ ድምፅ ነው። መጋዞቹ ከወንዝ ማዶ ነው የሚመጡት፤ የብረት ጠረጴዛ መሐል ቆመው በኤሌክትሪክ የሚዞሩ ክብ መጋዞች ናቸው። እያንዳንዱ መጋዝ ሲመጣ ጥርሱ ላይ የተደፋ ቀይ የብረት ቆብ አለው። ቆቡ እንጨት ሲገባ ትንሽ ከፍ ብሎ ያሳልፈዋል፤ እጅ ሲመጣ ግን አያሳልፍም።

ድሮ ቆራጮች ከነቆቡ ይሠሩ ነበር ይባላል። አንድ ቀን ከላይ ጣውላ ወድቆ የአንዱን መጋዝ ቆብ አጎበጠው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩ። «ይህ ነገር ሰውን የሚያድን ከሆነ፣ ከሰው በላይ መጠበቅ አለበት» አሉ። ስህተት ያለበት ንግግር አይመስልም። ከዚያ ወዲህ አዲስ መጋዝ በመጣ ቁጥር ቆቡ ይፈታና በእልልታ ወደ ቆብ ቤት ይወሰዳል። እዚያ አቧራና ሰጋቱራ እንዳይነካው መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። የሚጠብቀው የደኅንነት ሹም የሚባል ባለሥልጣን አለ። ደግ ሰው ነው። ለቆቦቹ ያለውን ፍቅር ያየ ሁሉ ይመርቀዋል። ወደ ግንባታ ቦታ ግን አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «አደገኛ ነው» ይላል። እውነቱን ነው።

እኔ በቆብ ቤት ወልዋይ ነበርኩ። ሥራው የተሰጠኝ በባሌ በአሥራደ ምክንያት ነው።

አሥራደ መጋዝ ላይ ነበር የሚሠራው። መጀመሪያ መጋዙ ትንሿን ጣቱን ወሰደ። ይህ ሲሆን በእኛ አገር «መጋዝ አወቀው» ይባልና ይደገሳል። መጋዝ ያወቀውን ሰው ዳግመኛ አይነካም ተብሎ ይታመናል። አሥራደን ደገመው። ያን ጊዜ «መጋዝ ወደደው» ተባለና ካቦ ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ አገኘው፤ ደሙን የሚያቆም ሰው ታጣ። ቀብሩ ላይ ጓደኛው ደባልቄ ተነስቶ «መጋዙ ሊለየው አልቻለም» ብሎ ተናገረ። ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ንግግሩ ጥሩ ነበር። ካቦነቱን ከአሥራደ በኋላ ደባልቄ ተረከበው፤ ለእኔ ደግሞ ለሟች ሚስት ክብር ተብሎ የወልዋይነቱ ሥራ ተሰጠኝ። የአሥራደ መጋዝ ቆብ በመስኮቱ በኩል ነው የተቀመጠው። ከሌሎቹ አስበልጬ እወለውለው ነበር። አንድም ጭረት አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ «ሟርተኛዋ» ይለኛል። ውሸት የለውም። ድስት ስጥድ የሚታየኝ የተቃጠለው ነው። ሰው ሲያንኳኳ ከመክፈቴ በፊት ነጠላዬን ዘቅዝቄ መልበስ ይቃጣኛል፤ ሊያረዱኝ የመጡ እየመሰለኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት አንድ ልጇ የአባቷን መጋዝ ልትይዝ ስትነሳ ምን እንደምትሆን መገመት ነው። ለመንኩ፣ ታመምኩ፣ ተኛሁ። ስንቅነሽ አንድ ጊዜ ልቧ የቆረጠውን አትመልስም። ሄደች።

እጇ ደግሞ የተባረከ ሆነ። እሷ የቆረጠችው ጣውላ ከጣውላ ጋር ሲገጥም ወረቀት አያስገባም ነበር። ካቦው ዞር ሲል ከኋላዋ ቀጭን እንጨት ትመዝና ጣውላውን በጣቷ ሳይሆን በእንጨቱ ትገፋለች። ይህን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ቢታወቅ ነውር ነው። ስለዚህም ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር እጇ ሙሉ እንደሆነ ቀረ። ለማጅ እየተባለች ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ አለፏት። «መጋዙ አኩርፏት ነው» ይላሉ ሴቶቹ። ሊያገባት አስቦ የነበረ አንድ ልጅም እናቱ «ሙሉ እጅ ይዛብኝ ልትገባ ነው ወይ» ብላ ስታለቅስ ተወው።

ማታ ከሥራ ስትመለስ እኔ ነበርኩ እጇን የማስታጥባት።

«እማዬ፣ እንግዳ ነኝ እንዴ?» ትለኛለች።

«ደክሞሻል ብዬ ነው።»

ውሃውን ቀስ አድርጌ አወርዳለሁ። አውራ ጣቷ ላይ፣ ከዚያ ቀጣይዋ ላይ፣ እንዲህ እያልኩ እስከ ትንሿ። እሷም ነገሩ ገብቷታል።

«አሁን ጨረስሽ? ሁሉም አሉ?»

«እኔ ውሃ ነው የማፈሰው።»

«እሺ፣ የግራውም ይፍሰስለት እንግዲህ፣ እንዳይከፋው።»

እንዲህ እየተቀላለድን ስንኖር፣ ቆብ ቤቱ ሞላና አዲስና ትልቅ ቆብ ቤት ሊሠራ ሆነ። ግድግዳው ቆመ። የጣሪያው ዋና አግዳሚ ሲቀር፣ አንድ ረፋድ ላይ ካቦ ደባልቄ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ደጄ መጣ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። እጃቸውን ከፍተው አነሱ፤ ሦስት ሰው ሆነው የአንድ ሙሉ እጅ ያህል ጣት ነበራቸው። እኔም የእኔን እስከ ደረቴ አንስቼ መለስኩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ካቦ ደባልቄ። እንደ ሥርዓቱ ከበሩ አጠገብ ተደርድረው ቆሙ።

«የመጣችሁበትስ?»

«ልጅዎን ልንጠይቅ ነው፣ እትዬ የሺመቤት።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ለአንድ አፍታ ደስ አላት። «ለማን?» አልኩ።

«ለመጋዝ» አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና ነገሩን በመልካም አማርኛ ዘረዘረልኝ። የአዲሱ ቆብ ቤት አግዳሚ ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ይሰነጠቃል። የሰነጠቀው ሰው ዋና ቆራጭ ይባላል። በከተማው ከስንቅነሽ የሚስተካከል እጅ የለም፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ሙሉ እጅ ያለው ሰው ዋና ቆራጭ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱም ጉዳይ ባንድ ቀን እንዲያልቅ ተወስኗል። አግዳሚውንም ትሰነጥቃለች፣ ትታወቃለችም።

«እንዴት ነው በቀጠሮ የምትታወቀው?» አልኩ።

«ለሱ አያስቡ» አለ ካቦ ደባልቄ፣ ልክ ሙሽራው ቤት እንዳለው እንደሚነግረኝ ሰው። «መሐሉ ላይ ጉጥ ያለበት ጣውላ መርጠንላታል። ጉጡ ጋ ሲደርስ መጋዙ ነክሶ ይይዝና እንጨቱን ወደ ኋላ ይወረውራል። እጅ ወደ ፊት ይሄዳል። ሌላ ድካም የለውም።»

«ስንት ጣት ነው?»

ሦስቱም ተያዩ። ጥያቄው ያልጠበቁት ነበር።

«እሱ እንግዲህ የመጋዙ ፈንታ ነው» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ። «እኛ ለአንድ ነው የደገስነው።»

እንቢ ብል ያገሩን ወግ የጣስኩ እሆናለሁ፤ እሺ ብል ደግሞ ምን እንደምሆን አላውቅም። ልጃቸው የተጠየቀች እናቶች ሁሉ የሚሉትን አልኩ። «ልምከርበት።»

«ይምከሩ። በሬው ግን ደጄ ታስሯል» አለ ካቦ ደባልቄ። ያኔ ተቀመጡ፤ ጠላም ጠጡ።

ማታ ስንቅነሽ መጣች። ነገሩን ከእኔ በፊት ሰምታዋለች። ማሰሮውን ይዤ ወጣሁ፤ እጇን ዘረጋች። ውሃው ትንሿ ጣቷ ላይ ሲደርስ እጇን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው።

«እማዬ፣ ትንሿ ጣት ግን ምን ትሠራለች?»

ማሰሮው ከእጄ አልወደቀም። ቢወድቅ ይሻል ነበር። የምትቀልድ መሰለኝና ፊቷን ፈለግኩ፤ ቀልድ አልነበረበትም።

«ማለቴ» አለች፣ «ጣውላ ስይዝ እሷ አትነካውም። እርሳስ ስይዝም አትነካውም። አስቤ አስቤ ሥራ አጣሁላት።»

«ስንቅነሽ።»

«ዕድሜ ልኬን ለማጅ ልባል ነው? የእኔን ጣውላ እያዩ ‹የማን እጅ ነው› ይላሉ፣ የእኔ ሲባሉ ይስቃሉ። ባንዲት ጣት የሚያልቅ ነገር ከሆነ ይለቅ።» ቀጥላም «መግፊያ እንጨቴን ቅዳሜ አልይዝም» አለች።

የፈራሁትን ሁሉ ቆጥሬ ይህን አልቆጠርኩም ነበር። መጋዙን ፈርቻለሁ፣ ጉጡን ፈርቻለሁ። ልጄ ራሷ እጇን ልትሰጥ ትችላለች ብዬ ግን አልፈራሁም። ያን ቀን እራት አልበላንም። እሷ ተኛች፤ እኔ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ አወረድኩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ዓርብ ቆብ ቤት ስገባ የምጠርግበትን ጨርቅ በሙሉ ባልዲ ውስጥ ሰበሰብኩ። ወደ መስኮቱ ሄጄ መስታወቱን ከፈትኩ። የአሥራደን ቆብ አነሳሁት። ከዚህ በፊት ዘወትር የምነካው ነገር ያን ቀን ከበደኝ። ባልዲው ውስጥ አስገብቼ ጨርቁን ደረብኩበትና ወደ በሩ መራመድ ጀመርኩ።

ሹሙ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«እትዬ የሺመቤት፣ ዛሬ ቶሎ ጨረሱ።»

«ጨርቁ ቆሽሿል። ልጠበው ብዬ ነው።»

«እንዴት ያለ ጥሩ አሳብ ነው» አለና ተነሳ። ወደ ባልዲው አጎንብሶ አንዱን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ብድግ አደረገው። ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ነበር። ከዚያ ሥር ቀይ ነው። «ሲደርቅ ደህና አድርገው ያራግፉት። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ብትኖርበት ቆብ ይጭራል። ጭረት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«እኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው» አለና ጨርቁን መለሰልኝ። ባልዲውን በሁለት እጄ አቅፌ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሰዎች እጃቸውን አነሱልኝ፤ እኔ የማነሳው እጅ አልነበረኝም። ኮራች ተባልኩ።

ቅዳሜ መጣ። የግንባታው ግቢ በሰው ጢም ብሏል። በአንድ በኩል የወጥ ድስቶች ተደርድረዋል፤ ከበሮ ተሰቅሏል። አንዲት ሴት በእጅ ተሰፍቶ ጫፉ የተጠለፈ ነጭ መጠቅለያ ጨርቅ በሰፌድ ይዛ ትጠብቃለች። ሹሙ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በቀዳዳው ያያል። ስንቅነሽ አዲስ ሸሚዝ ለብሳ፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላ መጋዙ አጠገብ ቆማለች። ጣውላውን አየሁት። ጉጡ ከሩቅ ይታያል፤ እንደ ተጨፈነ ዓይን ነው።

ሰዉን እየገፋሁ ከፊቷ ደረስኩና ባልዲውን አስቀመጥኩ። ጨርቁን ገለጥኩት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «እማዬ፣ ምንድነው ያመጣሽው?»

«የአባትሽ መጋዝ ቆብ ነው። የዚህ መጋዝ ነው። ግጠሚው።»

ጣውላ ተሸካሚው ቸኮል ከኋላ አንገቱን አሰገገ። ቸኮል ሰው ሲሞት እንኳ ሳይቀልድ አይቀርም። «ምነው እትዬ የሺ፣ መጋዙ ሊመነኩስ ነው?» አለ። «እኛ ሠርግ ነው ብለን መጣን፣ ለካ ቆብ ሊጭን ኖሯል።»

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደ። ስንቅነሽ አንገቷን ደፋች።

«አታዋርጂኝ» አለች በቀስታ። «ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ሂጂልኝ።»

«ግጠሚውና እሄዳለሁ።»

«እማዬ፣ አንዲት ትንሽ ጣት ናት።»

«አባትሽም አንዲት ትንሽ ጣት ናት ብሎ ነው የጀመረው» አልኳት።

ሌላ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ጠፋብኝ። ያለኝ ይህ ብቻ ሆነ። ስንቅነሽ ጎንበስ ብላ ቆቡን ከባልዲው አነሳችው። ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ካቦ ደባልቄ «ይጀመር እንጂ» አለ።

«ካቻቢቴ ስጡኝ» አለች ስንቅነሽ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰዉ ሁሉ መሣሪያ ኪሱ ያለው ነው፤ ግን ሁሉም ወደ ሌላ ቦታ ያያል። መጨረሻ ላይ ቸኮል ከቀበቶው መዞ ወረወረላት። «እንኪ፤ መነኩሴ የሚያለብስ ሰው ጸጋ ያገኛል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። ሳቅ አልተከተለውም።

ቆቡን መጋዙ ላይ ገጥማ ቡሎኖቹን አጠበቀች። ከዚያ መጋዙን አስነሳችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በድምፅ ነው። መጋዙ መጀመሪያ ጮኸ፤ እንጨቱ ሲገባ ድምፁ ወረደና ወፈረ። ሰጋቱራው ወደ ፀሐይ ተበተነ። እኔ ጉጡን ብቻ ነበር የማየው። ጉጡ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ መጋዙ ይሄዳል፤ እየቀረበ፣ እየቀረበ። በአፌ የማላውቀውን ጸሎት እያልኩ ነበር። ከጎኔ ያለችው ሴት ሰፌዱን ከፍ አደረገች። ጉጡ ጥርሱ ጋ ደረሰ። መጋዙ አቃሰተ፣ ያዘ፣ ቆመ መሰለኝ። ወዲያው ጣውላው በጎኗ አልፎ ወደ ኋላ ተወረወረና የተሰቀለውን ከበሮ በስቶ ወጣ። እጇ የሚይዘውን አጥቶ ወደ ፊት ወደቀ።

ብረት ሲታጠፍ ሰማሁ። ከውስጥ የጥርስ ድምፅ ሰማሁ። ቸኮል ማብሪያውን መትቶ አጠፋው።

ባለ ጨርቋ ሴት እየሮጠች ደረሰችና ሰፌዷን ከስንቅነሽ እጅ ሥር አቀረበች።

«የቷ ናት?» አለች።

«የለም» አለች ስንቅነሽ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«የጎደለ የለም።»

እጇን ከቆቡ ላይ አንስታ ከፈተችው። ሁሉም ነበሩ። እኔ ባልዲውን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። እልል ሊሉ አፋቸውን ያዘጋጁ ሴቶች ግን ተያዩ። ወጡ ደርሷል፣ በሬው ታርዷል፣ የታወቀ ሰው ግን የለም። እንዲህ ያለ ነገር በከተማችን ሆኖ አያውቅም።

ያን ጊዜ ነው ሹሙ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግንባታ ግቢ ሮጦ የገባው። ማንንም አላየም። መጋዙ ላይ ተደፋና ቆቡን ዳሰሰው። ጎብጧል፤ ከውስጥ መጋዙ ነክሶት ረጅም ስንጥቅ ወጥቶበታል።

«ቆስሏል» አለ። «ማነው ያቆሰለው?»

«ሥራ ላይ ነው የቆሰለው» አለ ቸኮል።

ቸኮል ይህን ሲል እንደ ልማዱ ሊቀልድ ይሁን ወይ ሌላ አስቦ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሹሙ ግን ቀና ብሎ በደንብ አየው። በአገራችን ሕግ ሥራ ላይ የቆሰለ ሁሉ ይጠቀለላል፣ ይደገስለታል፣ ማዕረጉም ይሰጠዋል። ሕጉ «የቆሰለ ሁሉ» ይላል እንጂ ሰው አይልም። ሽማግሌዎቹ ጎን ወጥተው ተመካከሩ። ድግሱ እንዳይበላሽ ሁሉም ፈልገው ነበር። ተመልሰው መጡና ባለ ጨርቋን ሴት በዓይናቸው ጠቀሷት። እሷም የተጠለፈውን ጨርቅ አንስታ ቆቡን ጠቀለለችው፤ ቀስ አድርጋ፣ እንዳያመው። ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ። የአዲሱ ቆብ ቤት አግዳሚ ሲሰነጠቅ የቆሰለው ቆቡ ብቻ ነውና ዋና ቆራጭ ተባለ። በፊቱ ሥጋ ተቀመጠለት።

እኔ ቆብ በማስቆሰል ተፈረደብኝ። ከወልዋይነት ተባረርኩ፤ ቆብ ቤት ደጃፍ እንዳልደርስ ታዘዘ። ስንቅነሽም ያልታወቀች ስለሆነች ለማጅ እንደሆነች ትቀጥል ተባለ። ሹሙ ቆቡን ፈትቶ ሊወስደው ሲል ግን ሽማግሌዎቹ ከለከሉት። ዋና ቆራጭ ከመጋዙ ተለይቶ አያውቅም። ቦታው እዚያ ነው። ሹሙ አለቀሰ፤ ሕግ ነውና ተወው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኞቹ ጠዋት ሲገቡ ለቆቡ እጃቸውን ያነሳሉ። በ«እርስዎ» ነው የሚያናግሩት። ስንቅነሽ ከሥሩ ለማጅ ሆና ትሠራለች። ጣውላው ይገባል፣ ቆቡ ከፍ ይላል፣ ጣውላው ይወጣል። እጇም ማታ ማታ እንደ ወጣ ይመለሳል።

ግን አታናግረኝም ነበር። እጇን ራሷ ታጥባ ትገባለች። ማሰሮውን ይዤ ስወጣ «ታጥቤያለሁ» ትላለች። ስሟን ነበር የምትፈልገው፤ እኔ እጇን ሰጠኋት። አልፈርድባትም። ሙሉ እጅ ይዞ በከተማችን መኖር ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህ ከስንት ጊዜ በኋላ ይቀየር ይሆን ስል፣ አይቀየርም እልና ደግሞ እፈራለሁ።

አንድ እሑድ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በሩ ተንኳኳ። እንደ ልማዴ ክፉውን ጠበቅኩና ከፈትኩ። ካቦ ደባልቄ ነው። ብቻውን ነው። ቀኝ እጁን አላነሳም፤ ጋቢው ውስጥ ነበር። ሳይጠየቅ ገባና ሳይጠየቅ ተቀመጠ።

«የሺ» አለኝ። አሥራደ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «የመጨረሻ ልጄ ነገ መጋዝ ላይ ይቆማል።»

«እንኳን ደስ አለዎት።»

«እናቱ ከትናንት ጀምራ አልበላችም።»

ስንቅነሽ ጓዳ ነበረች፤ ሊጥ ማቡካቷን ስታቆም ተሰማኝ።

«መጋዙ ባዶ ነው» አለ ካቦ ደባልቄ። «ቆብ ካልቆሰለ ከቆብ ቤት አይወጣም። ከቆሰለ ግን ማዕረግ አለው፤ መጋዙ ላይ መቀመጥ ይገባዋል። ሹሙም ሽማግሌውም ሊከለክለው አይችልም። አየሽ አይደል?»

«አየሁ።»

ጋቢውን ገለጠ። እቅፉ ውስጥ ቀይ ቆብ ነበር። የትኛው እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት፤ በቆብ ቤቱ ግድግዳ በኩል የነበረው፣ ስወለውለው ፊቴን አይበት የነበረው። እንዴት እንዳወጣው አልጠየቅኩትም። ከጋቢው ሌላ ነገር አወጣና አጠገቡ አስቀመጠ፤ መዶሻ ነው።

«ሞከርኩ» አለ። «ቤት ውስጥ ተዘግቼ ሞከርኩ።» ያን ጊዜ ቀኝ እጁን አወጣው። ሰው ሁሉ ብድግ የሚልለት እጅ ነው። አውራ ጣትና አንዲት ጣት ብቻ የቀሩበት፣ ያን ምሽት ደግሞ ከመዶሻው እጀታ የተነሳ የተላጠ። «ይሾልካል። በግራዬ ሞከርኩ፣ እሱም እንደዚያው ነው። ለጓደኞቼ እንዳልነግር እነሱም እንደ እኔ ናቸው።» ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «ሙሉ እጅ ያለው ሰው ነው የሚያስፈልገኝ።»

መዶሻውን አየሁት። ያን ቆብ ስወለውል የኖርኩ ሴት ነኝ። ደግሞም ቆብ በማስቆሰል አንድ ጊዜ ተፈርዶብኛል፤ ሁለተኛ ቢደገም የሚሆነው ሁሉ ተራ በተራ ታየኝ። ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። መዘጋቱን ደግሜ አየሁ። ቆቡን ከደፍ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፤ አልቆም አለ፣ ይንከባለላል።

ስንቅነሽ ከጓዳ ወጣች። እጇ ላይ ሊጥ ነበረባት። ካቦ ደባልቄን እጇን ሳታነሳ አለፈችውና ከፊቴ ተንበረከከች። ቆቡን በሁለት እጇ ግራና ቀኝ ያዘችው። ጣቶቿን በሙሉ ዘርግታ አጥብቃ።

«ጎኑን ምቺው፣ እዚህ ጋ» አለች። ከስንት ቀን በኋላ ያናገረችኝ ይህን ነው። «ደግሞ እማዬ፣ አደራ፤ ጣቴን እንዳትመቺኝ።»

መዶሻውን አነሳሁ። ከመምታቴ በፊት ግን ሁሉንም አንድ በአንድ አየኋቸው።